ሳይነጋገሩ ያቆሙት ግድግዳ

ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬደው በዝግባ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ይርሳው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ወሬ በመውደዱና ከዘሩ ጋር ባለመነጋገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተገናኙ እንግዳ ሰውን ግር ይለዋል። ይርሳው ለማያውቀው መንገደኛ እንኳ ከላሙ አመል ጀምሮ እስከ አማቱ የወገብ ሕመም ድረስ ሳይጠየቅ ይዘረዝራል። ጅጋ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ያየውን ለማውራት ከገበያው የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ዘሩ ፊት ሲደርስ ግን አፉ ይለጎማል። ይህ የአንድ ሰሞን ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ጎጆ ሲወጡ ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸውና መቀናጆ ሆኑ፤ በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የይርሳውን፣ አንድ ቀን የዘሩን መሬት እያረሱ ስምንት ዓመት ኖሩ። ይርሳው ያወራል፤ ዘሩ ይሰማል። ዘሩ በቀን ከአስር ቃል በላይ ከተናገረ ቤተሰቡ አመመው እንዴ ብሎ የሚሠጋለት ሰው ነው። እግዚአብሔር ባርኳቸው ሁለቱም ባለ ጥማድ ሲሆኑ መቀናጀቱ ቀረ። ድህነት ያፋቀረውን ጥጋብ ለያየው ማለት ነው።

የተጣሉት በፈሰስ ነው። ፈሰስ የክረምቱ ውሃ ሰብሉን እንዳይጠርገው በማሳው ላይ የሚቀደድ ቦይ ነው። በአንድ ሐምሌ በሁለቱ ድንበር ላይ ያለው ፈሰስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ይርሳው ማሳ ተጠግቶ ተገኘ፤ ጎርፉም የይርሳውን ጤፍ እኩሌታ ይዞት ሄደ። ዘሩ ውሃው ራሱ መንገዱን መረጠ አለ። ይርሳው ውሃ ዶማ አይዝም አለ። በዚያው ተለያዩ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ በልቶ ጠጥቶ ተነሣ።

ሰላምታ እንደተነፋፈጉ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር መጣ። የአሮጌው ሕንጻ ግድግዳ የእንጨትና የጭቃ ነበርና ምስጥ በልቶታል። ምእመኑ አንድ ዓይኑን ወደ መቅደሱ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አድርጎ ማስቀደስ ከጀመረ ቆይቷል። በድንጋይ ይሠራ ተባለ። ታቦቱ እስከዚያ ድረስ በግቢው ወደ ተሠራው ጊዜያዊ መቃኞ ገባ። ድንጋዩ የሚገኘው ከታች ከወንዙ ገደል ነው፤ መኪና አይወርድም፣ አህያም አቀበቱን አይታ እምቢ አለች። ስለዚህ አንድ መቶ አርባ ሰው ከገደሉ እስከ ኮረብታው አናት ተሰልፎ ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ እንዲያቀባብል ተወሰነ። ቀኑም በየበዓሉ ሆነ። በበዓል ሞፈር መንካት ኃጢአት ነው፤ ለኪዳነ ምሕረት ወገብ እስኪቆረጥ ድንጋይ መሸከም ግን ጽድቅ ነው። ገበሬው ከሥራ ቀን ይልቅ በበዓል ቀን ይደክም ጀመር።

ማን ከማን አጠገብ ይቁም የሚለው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እገሌ ከእኔ በላይ ቆመ የሚል ነገር ስንት ማኅበር አፍርሷል። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጌታሁን ከዚህ ሁሉ ልገላገል ብሎ ሰልፉን ከቀበሌው የመሬት መዝገብ እንዳለ ገለበጠው፤ ከመዝገብ ጋር ማን ይጣላል። በመዝገቡ ግን የተጻፈው ድንበርተኛ ከድንበርተኛው እየተከታተለ ነው። ሰባ ሦስተኛው ዘሩ፣ ሰባ አራተኛው ይርሳው ሆነ። ያጣላቸው ድንበር ትከሻ ለትከሻ አቆማቸው።

ይርሳው በዚያው ቀን አስተዳዳሪው አባ ገብረሰንበት ዘንድ ሄዶ ቦታ ይቀየርልኝ አለ። አባ ገብረሰንበት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ የአጥቢያውን ጥል ሁሉ ከነመሠረቱ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ድንጋይ ለመቀበል አፍ ያስፈልጋል እንዴ?» አሉት።

አያስፈልግም አለ።

«እንግዲያማ ሂድና ተቀበል።»

ተቀበለ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ለሁለቱም የመከራ ነበሩ። ዘሩ ድንጋዩን ሲሰጥ ስለታም ጎኑን ወደ ይርሳው ያዞረዋል። ይርሳውም ሊቀበል እጁን ይዘረጋና ዘሩ ሊለቅ ሲል ትንሽ ሰብሰብ ያደርገዋል፤ ዘሩ ክብደቱን እንደታቀፈ ይቀራል። ከይርሳው በላይ የሚቆመው ባዬ የእነዚያ ወራት ድንጋይ ሁሉ ስድብ ነበር ይላል። ሥራው ግን አልቆመም። ስድቡም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ኮረብታው ላይ ሲደርስ ግንበኞቹ በሲሚንቶ ያስሩታል።

ሰልፉ እያደር የአገሩ ዋና ጨዋታ ሆነ። መዝሙሩ ከታች ይነሣና ወደ ላይ ይወጣል። ምሳ ሰዓት ሴቶቹ ዳቦውን፣ ቆሎውንና ጠላውን ያመጡና አራት አራቱ በቆመበት ቦታ ተሰብስቦ ይበላል። ወሬም እንደ ድንጋዩ ይቀባበላል፤ ከታች የእገሌ ጥጃ ታመመች ተብሎ የተነሣው ከላይ ሲደርስ እገሌ ጥጃ ሰረቀ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ሰባ ሦስት ቁጥር ላይ ነበር። ወሬው ዘሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሰባ ሁለተኛው ሰው በዘሩ ራስ ላይ አሻግሮ ለይርሳው እስኪጮህለት ድረስ ከላይ ያለው ስድሳ ሰባት ሰው ምንም ሳይሰማ ይቆያል። መንገድ ተዘግቶ ሲሚንቶ ከቡሬ አልመጣ ባለባቸው ወራት እንኳ ሰዉ አልቀረም፤ ድንጋዩን አምጥቶ እየከመረ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አምቶ ይመለሳል።

የሁለቱ ነገር የተቀየረው በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ነው። ይርሳውን ጾሙ አድክሞታል፣ መዳፉም ተላልጧል። አንድ ጠዋት ድንጋዩ ለስላሳ ጎኑ ወደ እሱ ዞሮ መጣ። ተሳስቶ ነው ብሎ አለፈው። ቀጣዩም እንደዚያው መጣ። እስከ ሥራ መልቀቂያ ድረስ አንድም ስለታም ድንጋይ አልደረሰውም። ይርሳው እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለያምሮት ይህን ነግሯት ለረጅም ጊዜ ሌላ ወሬ አላወራም፤ እሷም ይህ ነው ያስደነገጣት።

ከዚያ ወዲያ ይርሳው ለድንጋዩ ማውራት ጀመረ። ባዬ የሚያወራ እንጂ የሚሰማ ሰው አይደለም፤ ዘሩን ደግሞ ማነጋገር ክብር ይነካል። ድንጋይ ግን ዘር የለው፣ ወገን የለው። ይርሳው አንዱን ይቀበልና «አይ ድንጋዬ፣ የሰው ልጅ እኮ ከንቱ ነው» ብሎ ይጀምራል። ቡሬ ያገባችው ልጁ ሰብለ ስልክ መደወል እንደተወች ለአንዱ ይነግረዋል። በርበሬውን ተባይ እንደፈጀበት ለሌላው ያዋየዋል። ድንጋዩ ዝም ይላል፤ ዘሩም ዝም ይላል፤ አንዳንዴ ብቻ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይርሳው የዘሩን የጉሮሮ ጥርጊያ ከስምንት ዓመት እርሻ ጀምሮ ያውቀዋል። አንዱ አዎ ማለት ነው፣ አንዱ ተው ማለት ነው።

አንድ ቀን የላሙ ጡት አብጦ አልታለብ እንዳለ ለአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነገረው። በሚቀጥለው በዓል የመጀመሪያው ድንጋይ በላዩ በክር የታሰረ ቅጠል ይዞ መጣ። ይርሳው ቅጠሉን ወደ ብብቱ ከቶ ድንጋዩን አሳለፈ። ላሚቱ በአራተኛው ቀን ዳነች።

«አመሰገንኸው?» አለችው ያምሮት።

«ማንን? ድንጋዩን?»

እንዲህ እያሉ ግድግዳው መስኮት ደረሰ፣ ከመስኮት አልፎ ጣሪያ ሊይዝ ተቃረበ። በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ይርሳው እንደ ልማዱ ጎርፉን አስቀድሞ ሊረግም ዶማውን ይዞ ወደ ድንበሩ ወረደ። ፈሰሱ ቦታው ላይ የለም። አንድ ክንድ ወደ ዘሩ ማሳ ተመልሶ፣ በጥንት ቦታው፣ አፈሩ እርጥብ እንደሆነ ተቀዶ አገኘው።  ይርሳው ወሰኑ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ለጤፉ አልነበረም። በሚቀጥለው በዓል በሰልፉ አሸዋ የወጣበት ባዶ ቅርጫት ከላይ ወደ ታች ሲመለስ የዓመቱን ምርጥ በርበሬ በጨርቅ ቋጥሮ ከቅርጫቱ ውስጥ ለዘሩ ላከለት። ቅርጫቱ ዘሩ ጋ ሲደርስ አንድ የጉሮሮ ጥርጊያ ተሰማ። ይርሳው ያን ቀን ከዘሩ የተሻለ ወዳጅ በምድር ላይ እንደሌለው አወቀ።

በዚያ ዓመት ማብቂያ አባ ገብረሰንበት አረፉ። በእሳቸው ቦታ ከፍኖተ ሰላም ቄስ ዘሚካኤል ተሾመው መጡ። ቄስ ዘሚካኤል ወጣት ናቸው፣ የተማሩ ናቸው፣ ነገር ሳይስተካከል ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። አምስተኛው ዓመት ሲሞላ ሕንጻው አለቀና የካቲት አስራ ስድስት ጳጳሱ መጥተው ቅዳሴ ቤቱ እንዲከበር ተወሰነ። ቄስ ዘሚካኤልም የእናታችን ቤት በቂመኛ እጅ ቆመ እንዳይባል አሉና ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥተው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ሁሉም የሚያውቀውን ተረት ከሁለት ሰዓት ማብራሪያ ጋር አስተማሩ። በመጨረሻ የተጣላ ሁሉ ይታረቅ፣ ያልታረቀ ከሰልፉ ይውጣ ብለው ቆረጡ። ስም አልጠሩም። አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ግን ዞሮ ሁለቱን አየ።

ይርሳው እህል አልወርድ አለው። ያምሮት ታርቆ መገላገል ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል ብላ ተገረመች።

«ተታረቅን መነጋገር ይመጣል» አላት። «ተተነጋገርን ደግሞ ፈሰሱ ይነሣል። ይሄ ልጅ ቄስ ሰውዬዬን ሊያሳጣኝ ነው።»

ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። እንቢ ካለም ቦታውን ያጣል፣ ቦታውን ሲያጣ ዘሩንም ያጣል። በጥር መጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከትልቁ ዝግባ ሥር አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ይርሳውና ዘሩ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ከይርሳው ቀጥሎ ባዬ ሊያይ ቆሟል፤ ከባዬ ቀጥሎ ቄስ ዘሚካኤል መስቀላቸውን ይዘዋል። የአገሩ ልማድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት እንዲወድቅ ነው። ሽማግሌዎቹም አንድ ድንጋይ አስመጥተው ከዘሩ እግር ሥር አስቀመጡና ማን እንደሚሸከመው ጠየቁ። መሸከም በዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። አምስት ዓመት ሙሉ ለኪዳነ ምሕረት አገር የሚያህል ድንጋይ ያነሡ ሰዎች ያችን አንዲት ድንጋይ የሚያነሣ ወገብ አጡ። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ አንቀላፋ።

በመጨረሻ ዘሩ ጎንበስ አለና ድንጋዩን አነሣ። ሊሸከመው ነው ወይስ እግሩ ሥር መቆየቱ ሰልችቶት ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተፈታ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ድንጋዩ ደረቱ ላይ ሳይደርስ የይርሳው እጆች ከባለቤታቸው ሳይማከሩ ተዘረጉ። አምስት ዓመት የለመደ እጅ ምን ያድርግ፤ ዘሩ ድንጋይ ካነሣ ይርሳው ይቀበላል። ተቀበለ፣ ዞረ፣ ለባዬ ሰጠ። ባዬም ወሬውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ አጠገቡ ለነበሩት አሳለፈ። ቄስ ዘሚካኤል ሰው ከባድ ነገር ሲሰጣቸው ሳይቀበሉ የሚቀሩ ሰው አይደሉም። መስቀላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ድንጋዩን ታቅፈው ቀሩ።

 ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ «እንግዲህ በዳዩ ታወቀ» አሉ።

ሳቁ ያንቀላፋውን ሽማግሌ ቀሰቀሰው። እሱም የታረቁ መስሎት አመሰገነ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ በእልልታው መካከል ይርሳውና ዘሩ ተሳሳሙ። ዕርቁ ወረደ ተብሎ ተመዘገበ። ቄስ ዘሚካኤል ብቻ ድንጋዩን የት እንደሚያስቀምጡት ጨንቋቸው ትንሽ ቆዩ።

በቅዳሴ ቤቱ ቀን ሁለቱ ከአንድ ዳስ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይርሳው በሥጋትና በደስታ መካከል ሆኖ ወሬ ጀመረ። ያልጠበቀው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ዘሩ መለሰ። ለካ ያ በቀን አስር ቃል የማይናገር ሰው የአስራ አንድ ዓመት መልስ አጠራቅሞ ኖሯል። ይርሳው ለድንጋይ ያዋየውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ ሐሳቡን ሰጠበት፤ ሰብለ የማትደውለው አባቷ ስልክ ላይ ስለማይጠግብ ነው አለ፤ በርበሬው የተበላሸው ቀድሞ ስለተተከለ ነው አለ፤ ላሚቱም ድሮውንም ሲገዛት ጡቷን አላየም አለ። ይርሳው ጆሮውን ማመን አቃተው። እውነት ነው የተናገረው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ዕርቁ ሦስት ሳምንት ቆየ። አንድ ጠዋት ድንበሩ ላይ ቆመው ስለ ዝናብ ሲጫወቱ ዘሩ ለፍቅርህ ስል መሬቴን ለቅቄ ፈሰሱን ወደ ራሴ አዛወርሁልህ አለ። ይርሳው የእኔን መለስህልኝ እንጂ መቼ የአንተን ሰጠኸኝ አለ። ዘሩ ድንጋዩን የተቀበልከኝ ጥፋቱን አምነህ አይደለም ወይ አለ። ይርሳው ያነሣኸው አንተ፣ ያመንከው አንተ አለ። ጩኸታቸው ማንኩሳ መንገድ ድረስ ተሰማ። ሲለያዩ እንደ ድሮው ላይነጋገሩ ማሉ።

በመጋቢት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይታጠር ተባለና ሰልፉ እንደገና ተጠራ። ቄስ ዘሚካኤል ጥሉን ሰምተው ኖሮ ሌላ ነገር ሳይፈጠር በሚል ሁለቱን አራራቋቸው። ዘሩ ከታች በቦታው ቀረ፤ ይርሳውና ባዬ ወደ ላይ ወጥተው ግንበኞቹ ሥር እንዲቆሙ ሆነ። አሁን ድንጋዩን የሚሰጠው ባዬ ነው። ባዬ ድንጋዩን እንዳገኘው ይሰጣል፤ ስለ አማቹ፣ ስለ ቁርጥማቱ፣ ስለ አማቹ ቁርጥማት ያወራል። ወሬ ወዳዱ ይርሳው በሁለት ቀን ወሬ አንገሸገሸው። ዞር እያለ ወደ ታች ያያል። ዘሩ አጠገቡ ለቆመው ላልለመደው ሰው ድንጋይ ሲሰጥ፣ ሰውየው አያያዙን ሳያውቅበት ሲጥለው፣ ዘሩም ጎንበስ ብሎ ደግሞ ሲያነሣው አየ።  በሦስተኛው በዓል ምሳ ሳይበላ ቄስ ዘሚካኤል ዘንድ ሄደ።

ቄስ ዘሚካኤል ከአዲሱ ሕንጻ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ይርሳው መስቀል ተሳልሞ ቆመ።

«አባ፣ ወደ ቦታዬ ይመልሱኝ» አላቸው።

«አያ ይርሳው፣ እርስዎና ዘሩ እኮ ተጣልታችኋል። ቂም ይዛችሁ ጎን ለጎን እንዴት አቆማችኋለሁ?»

«ቂምስ የለንም አባ። መነጋገር ነው የማይስማማን። እባክዎ አያስታርቁን፤ እንዲያው ዝም ብለው ያቁሙን።»

 ቄስ ዘሚካኤል መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዘሩም ትናንት መጥቶ ይህንኑ ነው ያለኝ» አሉ። «ቃል ሳይቀር ይህንኑ። ተመካክራችሁ ነው እንዴ?»

ይርሳው ዕንባው መጣ፤ ፊቱ ግን በራ።

«ኧረ አባ፣ ተሱ ጋር እኮ አንነጋገርም» አላቸው።